የተደበቀው ዕጢ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽተኛው ሳይደብቅ በሽታው ራሱ የሚደበቅበትም ጊዜ አለ፤ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ እንዲህ ያለው ደዌ ነው።

ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተደፉ፣ እያንዳንዳቸው 5 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝኑ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ሐኪሞች አድሬናል ይሏቸዋል። መጠናቸው ቢያንስም የደምን ግፊት፣ ጨውና ስኳር የሚያስተካክሉ ቅመሞችን ያመነጫሉ። የእነዚህ ዕጢዎች መጥፋት ሰውን እንደሚገድል በ1855 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የገለጠው የለንደኑ ሐኪም ቶማስ አዲሰን ነው። በዚያ ዘመን ዋናው አጥፊ የነቀርሳ በሽታ ነበር።

ነቀርሳ በበዛበት አገር ይህ ምክንያት ዛሬም አልቀረም። በኬንያ በኩል ያለችውን ሞያሌን እንመልከት። ድንበሩ ከተማይቱን ለሁለት ቢከፍላትም ነጋዴውና ከብት አርቢው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በሽታም አብሮ ይሻገራል። የዓለም የጤና ድርጅት ነቀርሳ ከጸናባቸው ከቈጠራቸው 30 አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ኬንያም ይገኛሉ።

ነቀርሳው በደም ተጉዞ ዕጢዎቹን ሲይዝ ብግነትና እባጭ ያመጣል። ከዕጢዎቹ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል እስኪጠፋ ድረስ ግን ምልክቱ ጎልቶ አይታይም። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ይደክማል፤ ይከሳል፤ ጨው ያምረዋል፤ ሲነሣም ያዞረዋል። ቆዳው ይጠቁራል፤ በተፈጥሮ ጥቁር በሆነ ሰው ይህ በቀላሉ ስለማይለይ፣ ድዱና የመዳፉ መሥመሮች በቅርብ ጊዜ ጠቁረው እንደ ሆነ ቤተ ዘመዱን መጠየቅ ይገባል። ድካምና መክሳት የነቀርሳ የራሱም ምልክቶች ስለ ሆኑ «መድኃኒት ጀምሯልና ይሻለዋል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። አደጋው ይህ ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል ይሄዳል። በመጀመሪያ የደም ግፊት በሽተኛው ተኝቶም ቆሞም ይለካል። ቀጥሎ በደም ውስጥ ሶዲየም ማነሱ፣ ፖታሲየም መብዛቱ ይታያል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ኮርቲሶል የተባለው ቅመም ይለካል፤ አጠራጣሪ ከሆነ ዕጢውን የሚቀሰቅስ መርፌ ተሰጥቶ እንደ ገና ይመረመራል። ሲቲ ስካን ደግሞ የእባጩን መጠን ያሳያል፤ ነገር ግን ካንሰርም ተመሳሳይ እባጭ ስለሚያመጣ፣ በመርፌ ናሙና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ አስቀድሞ እባጩ አድሬናሊን የሚረጭ ዓይነት አለመሆኑ ይረጋገጥ፤ እንዲህ ያለው በመርፌ ሲነካ የደምን ግፊት በድንገት ሊያንር ይችላልና።

ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት ኮርቲሶልን ቶሎ ያጠፋል። ስለዚህ ዕጢው የደከመበት ሰው ምትኩን ሃይድሮኮርቲሶን ካልወሰደ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ይወድቃል፤ የሚወስደውም መጠን ሐኪም እንዳዘዘው ከፍ ይላል። በአንጻሩ ምትኩን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሥራውን ይሠራል። በ1963 እ.ኤ.አ. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ነቀርሳ ባይሆንም የዚሁ ዕጢ ሕመም ነበረባቸው፤ ሆኖም አገር ያስተዳድሩ ነበር።

ከሞያሌ ወደ ናይሮቢም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስካኑ ሩቅ ቢሆንም የበሽተኛን ቃል ማዳመጥ፣ ድዱን መመልከትና ግፊቱን መለካት በየጤና ጣቢያው የሚቻል ነው። የነቀርሳ መድኃኒት እየወሰደ ከቀን ወደ ቀን የሚደክም ዘመድ ያለው ሁሉ፣ ሳይዘገይ ለሐኪሙ ይንገር።