ቮልስ ዳገት ላይ ስትጠፋ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ዳገት ላይ ተንገጫግጫ ስትጠፋ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ካርቡራቶሩን ነው። ግን ቤንዚኑ እዚያ መድረሱ መች ተረጋገጠ? ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው።

ሞተሩ ሲበርድ፣ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባው ቱቦ ተነቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ይደረጋል። ብልጭታ እንዳይፈጠር የኮይሉ ገመድ ይነቀልና ሞተሪኖው ይዞራል። ቤንዚኑ በየምቱ ፊን ፊን ካለ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ካርቡራቶሩ ውስጥ ይፈለጋል። ጠብ ጠብ ካለ ግን ፊልትሮው፣ ፓምፑ፣ የታንኩ ዝገትም ይታያል። መተንፈሻው የተደፈነ የታንክ ክዳንም ቤንዚን ያግዳል፤ ክዳኑ ሲከፈት መኪናዋ ከተነሳች ጥፋተኛው ተገኘ።

ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የጋለ ቤንዚን ቶሎ ይተንና ፓምፑን ያስቸግራል፤ ሲበርድ ይስተካከላል።

የተሰነጠቀ ቱቦ ግን ለነገ አይባልም፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪናዋን ሊያቃጥላት ይችላል።