ቀለሙ የሸፈነው ታንከር

አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ገብቶ ያገለገለ ኮምፕረሰር የሚጠይቅ ሰው የሚያየው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሻጩ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ማሽን ወደ ደጅ ይጎትታል፤ ሶኬቱን ይሰካል፤ ዲናሞው ይነሣል። የጌጁ መርፌ ቀስ በቀስ ወጥቶ 8 ባር ላይ ሲደርስ ማሽኑ "ጭስስ" ብሎ ይቆማል። ገዢው ፊቱ ይፈካል፤ የዋጋ ክርክር ይጀመራል። እስካሁን የተፈተኑት ዲናሞውና ፓምፑ ናቸው። ሰው ሊገድል የሚችለው ክፍል፣ ታንከሩ፣ ገና አልተነካም።

የግቢ ጋራዥ ለሚያቋቁም ሰው ከኮምፕረሰር የሚበልጥ ጠቃሚ ዕቃ የለም። ጎማ ይነፋል፣ ቀለም ይረጫል፣ የዛገ ዳዶ በኢምፓክት ይፈታል፣ የአየር ማጣሪያ ያጸዳል። ሆኖም ከጎሚስታ ደጅ ተቀምጦ የሚጮኽ ተራ ማሽን ተደርጎ ነው የሚታየው። የተጨመቀ አየር ግን ታላላቅ ሥራዎች የተሠሩበት ጉልበት ነው። ፈረንሳይንና ጣሊያንን በአልፕስ ተራራ ሥር የሚያገናኘው የሞን ስኒ የባቡር ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1871 ሊከፈት የቻለው፣ ከ1861 ጀምሮ ድንጋዩን በተጨመቀ አየር የሚሠሩ መሰርሰሪያዎች ስለበሱት ነው። አባይ በረሃን የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬኑን የሚይዘው ሞተሩ ላይ ካለች ትንሽ ኮምፕረሰር በሚያገኘው አየር ነው። በወናፍ ፍሙን የሚያቀላ ቀጥቃጭም ሥራው ከዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ወናፍ አየሩን ይገፋዋል እንጂ አያጠራቅመውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዲናሞው በቺንጋ የፓምፑን ፑሌጃ ያዞራል፤ ፒስተኑ አየር ስቦ ይጨምቃል፤ አየሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ በኩል ታንከር ይገባል። ግፊቱ ሲሞላ ፕሬሸር ስዊቹ ዲናሞውን ያጠፋል፣ ሲጎድል ያስነሳል።

መጠን ሲመረጥ ፈረስ ጉልበት መቁጠር ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚያወጣ ነው። ግማሽ ኢንች ኢምፓክት በደቂቃ ከ110 እስከ 140 ሊትር ይበቃዋል፤ የቀለም መርጫ ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ታርጋው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፓምፑ የሚስበው እንጂ የሚያወጣው አይደለም፤ የሚወጣው ከሚሳበው ሦስት እጅ ሁለት እጅ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። በደቂቃ 150 ሊትር የሚያወጣ ማሽን 100 ሊትር ታንከር እስከ 8 ባር ለመሙላት ጂቡቲ ወደብ ላይ አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቢበቃው፣ አዲስ አበባ ወጥቶ ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል። ማሽኑ ደክሞ አይደለም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። ዲናሞዎች በአብዛኛው የሚለኩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ለሚሠሩበት ሁኔታ ስለሆነ፣ በሳሳ አየር እንደልባቸው አይቀዘቅዙም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት የሚዞር ማሽን ከመግዛት አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ታንከሩ። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሳያይ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነውና።

አየር ሲጨመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ በክረምት፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ እርጥበቱ 80 በመቶ በሆነበት ቀን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 10 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ባዶውን 100 ሊትር ታንከር 8 ባር ለማድረስ ከ1 ሜትር ኩብ በላይ የውጭ አየር ስለሚገባ፣ በአንድ ሙሌት ብቻ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ውኃ ታንከሩ ውስጥ ይቀራል። ፓምፑ በቀን በድምሩ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢዞር ውኃው ግማሽ ብርጭቆ ሊደርስ ይችላል። ማታ ማታ ከሥር ያለው ማፍሰሻ ካልተከፈተ ውኃው እዚያው ያድራል፣ ይሰነብታል፣ ይከርማል። ብረቱ መዛገት የሚጀምረው ከውስጥ፣ ከታችኛው ወገብ ላይ ነው። ከውጭ ያለው ቀለም ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ እንዲያውም አዲስ ቀለም አሮጌ ምልክትን ይሸፍናል።

የዚህ ታንከር ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ዝገት ግማሹን ቢበላው የቀረው ብረት እጥፍ ጫና ይሸከማል። የጫናውን ልክ ለመረዳት ስሌቱን ማየት ይበቃል፦ ስፋቱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ታንከር 8 ባር ሲሞላ እያንዳንዱን የጎን ክዳኑን የሚገፋው ኃይል 10 ቶን ያህል ክብደት ይሆናል። 100 ሊትር ሙሉ ታንከር ድንገት ቢፈነዳ የሚለቀው ጉልበት፣ 1,100 ኪሎ የምትመዝን የቤት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ካላት ጉልበት ጋር ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ከሠራተኛው እግር አጠገብ ተቀምጦ የሚውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ማሳቹሴትስ ውስጥ ብሮክተን ከተማ የጫማ ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ1914 የመጀመሪያውን የቦይለር ደንብ እንዲያወጣ ከገፉት አደጋዎች አንዱ ይህ ነበር። ዛሬ ታንከር ላይ ተበይዳ የምትገኘው ትንሽ ታርጋ የዚያ ዓይነት ደንብ ልጅ ናት። የተሠራበትን ዓመት፣ የሊትር መጠኑንና ሊሸከመው የተፈቀደለትን ከፍተኛ ግፊት ትናገራለች። ታርጋ የሌለው ታንከር፣ ወይም ታርጋው ተፍቆ የጠፋ ታንከር፣ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም።

የግቢ ጋራዥ ከፍቶ የሚሠራ አንድ አንጋፋ መካኒክ ከረዳቱ ጋር ማሽን ሊመርጥ ወጥቶ፣ ወጣቱ "ጋሼ፣ ዲናሞው እኮ አዲስ ነው!" ብሎ ሲጓጓ፣ "ልጄ፣ ዲናሞ ቢቃጠል ይጠቀለላል፤ ታንከር ቢፈነዳ ምኑ ይጠቀለላል?" ብሎ መለሰለት። ከዚያ አየሩን ጨርሶ አስለቀቀና ማፍሰሻውን ፈታ። የሚፈልገው የሚወርደውን ቀለም ነበር። ንጹሕ ውኃ ወይም ዘይት የነካው ነጣ ያለ ውኃ ብዙ አያሳስብም። ቡናማ ውኃ ከደቃቅ የዝገት ፍርፋሪ ጋር ሲወርድ ግን ብረቱ ራሱ እየወረደ ነው። ቀጥሎ በጎን ያለውን ትልቁን ቡሎን ፈትቶ በስልኩ መብራት ውስጡን አየ። በመጨረሻ ታንከሩን ከላይ እስከ ታች በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የሳሳ ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው።

ይህ ሁሉ ጥሩ ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው የውኃ ፈተና ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። "10 ባር ነፍቼ አሳይሃለሁ" የሚል ሻጭ ታንከሩን እየፈተነ ሳይሆን በሰው ሕይወት እየተወራረደ ነው። አየር ሲጨመቅ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ብረቱ ከተሰነጠቀ ያንን ጉልበት በቅጽበት ይለቃል። ውኃ ግን አይጨመቅም ማለት ይቻላል። ታንከሩ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳይቀርበት በውኃ ተሞልቶ፣ የቧንቧ ሠራተኞች መስመር በሚፈትሹበት የእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ 1.3 እስከ 1.5 እጥፍ ይደረጋል፤ ለ8 ባር ታንከር 12 ባር ቢበዛ ማለት ነው። ታርጋው ላይ የተጻፈውን የፈተና ግፊት ግን ማለፍ የለበትም። ግማሽ ሰዓት ጌጁ ሳይወርድ፣ ብየዳው ሳያነባ፣ ሆዱ ሳያብጥ ከቆየ ታንከሩ አልፏል። ካላለፈ የሚፈሰው ውኃ ብቻ ነው። ሻጩ ይህን ፈተና ከከለከለ ሌላ ሻጭ አለ።

አንድ ልማድ ደግሞ መቅረት አለበት። ታንከሩ በመርፌ ቀዳዳ ልክ ሲያፈስ በያጅ ተጠርቶ ነጥቡ ይደፈናል። ያቺ ቀዳዳ ግን ብቻዋን አልመጣችም፤ ዙሪያዋ ሁሉ እንደ ወረቀት ሳስቷል ማለት ነው። ብየዳው በሳሳው ብረት ላይ እሳት ይጨምርበታል እንጂ ውፍረት አይመልስለትም። እንዲህ ያለ ታንከር በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሸጥ፤ ፓምፑና ዲናሞው ለሌላ ታንከር ይሁኑ። የሚያፈስ ሴፍቲ ቫልቭን በቡሎን የሚደፍኑም አሉ። ቫልቩ ርካሽ ነው፣ ሰው ግን አይተካም።

ፓምፑን በተመለከተ ጥቂት ይበቃል። ብረተ ወፍራም ፓምፕ ፋሻና ኩሽኔታ ተቀይሮለት ለሁለተኛ ዕድሜ ይመለሳል፤ ኢንገርሶል ራንድ እ.ኤ.አ. በ1929 ያስተዋወቀው ታይፕ 30 ለዚህ ምስክር ነው። ዘይቱ የኮምፕረሰር ዘይት እንጂ የመኪና ሞተር ዘይት አይሁን።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ የሚጀምረው ከዲናሞው ታርጋ ነው። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነች። ከአሜሪካ ወይም ከሳውዲ የመጣ ማሽን 60 ሄርዝ ነው። እንዲህ ያለ ዲናሞ እዚህ ሲዞር ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ፍጥነቱን ለመመለስ የዲናሞውን ፑሌጃ በትልቅ መቀየር ደግሞ በደከመ ላይ ሸክም መጨመር ነው። ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ አለመግዛት ነው።

ብዙ ጥሩ ማሽኖች ሦስት ፌዝ ናቸው፤ ብዙ መኖሪያ ቤት ደግሞ ነጠላ ፌዝ ነው። ታርጋው "220/380" የሚል ከሆነ ዲናሞው በዴልታ ታስሮ፣ ነጠላ ፌዝ ተቀብሎ ሦስት ፌዝ በሚያወጣ ኢንቨርተር ሊሠራ ይችላል። በዚህ ጊዜ ፕሬሸር ስዊቹ በኢንቨርተሩና በዲናሞው መካከል አይገባም፤ ኢንቨርተሩን "ተነሣ፣ ቁም" የሚል ትእዛዝ ብቻ ይስጠው። "380/660" የሚል ዲናሞ በዚህ መንገድ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። በካፓሲተር ብቻ ማታለሉም ይቻላል፤ ግን ጉልበቱ በብዙ ይቀንሳል። እውነተኛ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ሲገናኝ ደግሞ ፑሌጃው በቀስቱ አቅጣጫ መዞሩ ይታይ፤ ክንፎቹ ንፋሱን ወደ ሲሊንደሩ መላክ አለባቸው። ከተገለበጠ ከሦስቱ ፌዝ ሁለቱን ማቀያየር ነው።

2 ፈረስ ጉልበት ያለው ነጠላ ፌዝ ዲናሞ ሲዞር 10 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሲነሣ ግን ለቅጽበት አምስትና ስድስት እጥፍ። ስለዚህ ከማከፋፈያው ሳጥን የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የማይዘለል ኧርዝ ያስፈልገዋል። 20 ሜትር ርቀት ላይ በ1.5 ካሬ ሽቦ ቢሠራ በሚነሣበት ቅጽበት ከ20 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ2.5 ካሬ 14 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ 4 ካሬ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። በማራዘሚያ ሶኬት ኮምፕረሰር የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ዲናሞ ለምን እንደሚቃጠልባቸው ሊገርማቸው አይገባም። ሥራው ሩቅ ከሆነ የሚረዝመው የአየር ቱቦው ነው እንጂ ኬብሉ አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚዘረጋ የአየር መስመር ከሆነም የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ አይሆንም፤ ሲሰበር ስለታም ስብርባሪ ሆኖ ይበተናል።

መብራት በሄደ ቁጥር መደረግ ያለበት ነገር አለ። ማሽኑ በራሱ ሲቆም የሚሰማው "ጭስስ" በፓምፑና በቼክ ቫልቩ መካከል የታመቀው አየር መለቀቁን ይነግራል፤ በዚህም ዲናሞው በሚቀጥለው ጊዜ ሸክም ሳይኖርበት ይነሣል። መብራት በመሃል ሲጠፋ ግን ስዊቹ ስላልተቆረጠ ያ አየር አይለቀቅም። መብራቱ ሲመለስ ዲናሞው ሙሉ ግፊት ፊቱ ተደቅኖ ሊነሣ ይታገላል፤ እያጉረመረመ ካፓሲተሩን ወይም ጥቅሉን ያቃጥላል። መብራት እንደሄደ የፕሬሸር ስዊቹን ቁልፍ ወደ ማጥፊያው ማድረግና "ጭስስ" ማለቱን መስማት በቂ ነው። ቁልፉ ተዘግቶም ድምፁ ካልተሰማ ማስለቀቂያዋ ትንሽ ቫልቭ ተበላሽታለች።

በአየር ልብስ ማራገፍም ልማድ ሆኗል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለማጽጃ የሚውል አየር ከ30 ፒኤስአይ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው 8 ባር ከ115 ፒኤስአይ በላይ ነው። ቆዳ ጥሶ ሊገባ፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ ነፋስ የሚያገኝ፣ አቧራና የቀለም ጭስ የራቀው ይሁን። እግሮቹን ከሲሚንቶው ጋር በቡሎን አጥብቆ ማሰር እግሩ የተበየደበትን ቦታ በንዝረት ይሰነጥቀዋል፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ ከሥር ማድረግ ይበቃል። ማፍሰሻው ከወለሉ ጋር ተጣብቆ እጅ የማያስገባ ከሆነ፣ በአጭር የብረት ቧንቧ ወደ ጎን ወጥቶ ጫፉ ላይ ቫልቭ ይገጠምለት፤ ማታ ጋራዡን የሚዘጋው ሰው ሳይጎነበስ እንዲከፍተው።