የመግቢያ ዓረፍተ ነገር ጉልበት

በየዓመቱ አንድ ሰሞን «እገሌ ከዓለም ቀዳሚ 2 በመቶ ሳይንቲስቶች ተርታ ገባ» የሚል ዜና ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የፌስቡክ ገጾች ይጎርፋል። አንባቢው ደስ ይለዋል፤ በምን እንደተለካ ግን የሚነግረው የለም። መለኪያው ሲጨመቅ አንድ ጥናት በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ ተጠቀሰ የሚል ቆጠራ ነው። ፊዚሲስቱ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ኤች ኢንዴክስም፣ የጆርናሎች ኢምፓክት ፋክተርም፣ በስታንፎርዱ ዮአኒዲስ የሚመራው የ2 በመቶ ዝርዝርም የሚሠሩት ከዚሁ ቆጠራ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄው ቆጠራው ትክክል ነው ወይ ሳይሆን ምንን ነው የሚቆጥረው የሚለው ነው።

በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር የሚሠሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር አህመዲን ጀማል በዚህ ቆጠራ ከዓለም ጫፍ ከደረሱት አንዱ ናቸው። መነሻ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ነው፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን የካንሰር ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም ማን፣ የት፣ በየትኛው ካንሰር እንደሚታመምና እንደሚሞት የሚያሰላ ሥራ ነው። ከሬቤካ ሲግል ጋር በየዓመቱ የሚያወጡት የአሜሪካ የካንሰር አኃዝና ከፍሬዲ ብሬይ ጋር የጻፉት የዓለም የካንሰር አኃዝ በአሥር ሺዎች ጊዜ ተጠቅሰዋል። እነዚህን የሚያትመው የማኅበሩ ጆርናል፣ «ሲኤ»፣ የ2020 ኢምፓክት ፋክተሩ ከ500 በላይ ነበር፤ የዚያው ዓመት የ«ኔቸር» 50 ገደማ ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ሲኤ» በዓመት የሚያወጣው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ጽሑፍ የሚደርሰው የጥቅስ አማካይ ይገዝፋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ከዚያ የሚበልጠውና ብዙም የማይወራለት ምክንያት የመግቢያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለ ካንሰር የሚጻፍ ጥናት፣ ከባሕር ዳርም ይውጣ ከቤጂንግ፣ አከፋፈቱ ያው ነው፦ ካንሰር በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰው ይይዛል፣ ይህን ያህሉን ይገድላል። የድሮ ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ሳይል እንደማይጀምር፣ የካንሰር ጽሑፍም ያንን ሳይል ወደ ጉዳዩ አይገባም። ዓረፍተ ነገሩ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ ሁልጊዜ ያው የአኃዝ ጽሑፍ ነው። የካንሰር ባዮሎጂም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ተመራማሪዎቹ ሃናሃንና ዋይንበርግ በ2000 እና በ2011 የካንሰርን መለያ ባሕርያት የዘረዘሩባቸው ሁለት ጽሑፎች ከመስኩ እጅግ የተጠቀሱ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የሌሎችን ግኝት ያሰባሰቡ እንጂ አዲስ ሙከራ የሠሩ አይደሉም። የሚጠቀሱትም በአመዛኙ እዚያው መግቢያው ላይ ነው።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ሰው የሚጠቅሰው የሚያምነውን አይደል?» የሚል ይኖራል። ግማሹ ትክክል ነው። አኃዝ አሰባስቦ ለሁሉም ማቅረብ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ የአህመዲንም ክብር የተገባ ነው። ስህተቱ የሚመጣው መጠቀስን ከመመርመር ጋር ስናምታታው ነው። በ2010 እና በ2012 መካከል ታትመው ብዙ ትኩረት ካገኙ 53 የካንሰር ባዮሎጂ ጽሑፎች 193 ሙከራዎችን ልድገም ብሎ የተነሳ ፕሮጀክት ነበር። በ2021 ሲያበቃ መድገም የቻለው ከ23 ጽሑፎች የተወሰዱ 50 ሙከራዎችን ብቻ ነው። ከ193ቱ አንዱም እንኳ ደራሲዎቹን ሳይጠይቁ ሊደገም በሚችልበት ዝርዝር አልተጻፈም። በተደገሙትም ላይ፣ መጀመሪያ ውጤት አሳዩ ከተባሉት መካከል፣ የውጤቱ መጠን በመካከለኛ ስሌት በ85 በመቶ አንሶ ተገኘ። ጽሑፎቹ ግን ይህ ሁሉ እስኪታወቅ ድረስ ሲጠቀሱ ኖረዋል።

ጉዳዩ ወደኛ አገር ሲመጣ ይብሳል። የዓለሙ አኃዝ በ2020 በኢትዮጵያ 77,352 ሰዎች በካንሰር እንደተያዙ ይናገራል። እስከ አንድ ሰው ድረስ የተቆጠረ ይመስላል፤ ግምት ነው። ግምቱ በዋናነት የቆመው በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ምዝገባ የሚቆጥረው የሚሸፍነውን ከተማ ነዋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በቅጹ ላይ ከዕጢው ዓይነትና ከምርመራው ቀን እኩል የሚያስጨንቀው መስመር የመኖሪያ አድራሻው ነው። ከጣና ዳሯ ቁንዝላ በጀልባ ወይም በመኪና ባሕር ዳር የመጣች፣ ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈላት እናት ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር መሆኑ በጥቁር አንበሳ ቢረጋገጥ እንኳ፣ አድራሻዋን በወረዳዋ በሰሜን አቸፈር ካስመዘገበች ከቆጠራው ትወጣለች። ተራዋን ስትጠብቅ ያረፈችበትን የዘመድ ቤት፣ ኮልፌን ወይም ጉለሌን፣ ከተናገረች ደግሞ የአዲስ አበባን ቁጥር ታሳብጣለች። ባሕር ዳር ላይ መንገዱ ወይም ገንዘቡ አልሆን ብሏት ከተመለሰችማ የትም አልተጻፈችም። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ሴቶች የሕመም መጠን በዕድሜ ተሰልቶ ለአገሩ ሴት ሁሉ ይባዛል። ዓሣ አድርቃ በምትሸጠውና በከተማ ቢሮ በምትውለው መካከል ያለው የአመጋገብ፣ የወሊድና የጡት ማጥባት ልዩነት በዚህ ማባዛት ውስጥ ይጠፋል።

እዚህ ላይ «ግምት ከምንም ይሻላል» የሚለው ሙግት ይነሳል። ይሻላል፤ የአኃዙ አዘጋጆችም የመረጃ ጥራት ከአገር አገር እንደሚለያይ በግልጽ ይጽፋሉ። ያ ማስጠንቀቂያ ግን በመግቢያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ የለውም። የባሕር ዳር ተመራማሪ የራሱን አገር ቁጥር ከውጭ ጆርናል ጠቅሶ ሲጽፍ፣ እሱን የሚጠቅስ ሌላ ይመጣል፤ በአምስተኛው ጽሑፍ ላይ ግምቱ ሐቅ ሆኗል። የማዕረግ ዕድገት በአመዛኙ የሚሰጠው በታተመ ጽሑፍ ብዛትና በጆርናሉ ደረጃ ስለሆነ፣ ብልህ ወጣት ምሁር የሚመርጠው መረጃውን ከማኅደር ላይ በጥቂት ወራት ለቅሞ ማሳተምን ነው። ከቁንዝላ እስከ ዘጌ ያለውን ሕዝብ የሚሸፍን ምዝገባ ለማቆም ግን ቢያንስ አምስት ዓመት የሚዘልቅ በጀት፣ ናሙና የሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ ካርድ ክፍል እየዞረ ቀበሌ የሚያጣራ መዝጋቢ ያስፈልጋል። የዚያ መዝጋቢ ሥራ አንድ ቀን ወደ ዓለሙ አኃዝ ሲገባ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይጠቀስ ይሆናል፤ ጥቅሱ የሚመዘገበው ግን በጽሑፉ ደራሲዎች ስም ነው፣ በየትኛውም ኤች ኢንዴክስ ላይም ለእሱ አንድ ነጥብ አይጨምርም።