ገመድ፣ ከፍታና የሰው ሕይወት

በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር በር ላይ የጎልደን ጌት ድልድይ በሚሠራበት ዘመን፣ የግንባታ ሰዎች ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ወጪ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ማለፉን እንደማይቀር ግብር ይቆጥሩት ነበር፤ ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ግን ይህን ምሕረት የለሽ ስሌት አልቀበልም ብሎ ከ130 ሺህ ዶላር በላይ የወጣበት መረብ ከድልድዩ ወለል በታች አስዘረጋ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1933 እስከ 1937 በቆየው በዚያ ሥራ 19 ሰዎች ከላይ ወድቀው መረቡ ስለተቀበላቸው ከሞት ተርፈዋል።

መረቡ ያደረገውን ለማስተዋል ሕገ ተፈጥሮን መመርመር ይገባል። ሰው በአየር ውስጥ ሲወርድ ሥጋው ገና አልተጎዳም፤ አጥንቱ የሚደቅቀው ያ ሁሉ ፍጥነት በቅጽበት ሲገታ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ብቻ ቢወድቅ፣ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ከወለሉ ይደርሳል፤ ወለሉም በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው፣ የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ የገዛ ክብደቱ 41 እጥፍ፣ ማለትም ከ3 ሺህ 200 ኪሎ በላይ ይሆናል። ያው ሰው ከዚያው ከፍታ ወድቆ፣ እየተለጠጠ በሚቀበለው ነገር ላይ 1 ሜትር ያህል ወርዶ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 240 ኪሎ ዝቅ ይላል። ከፍታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማቆሚያው ርቀት ብቻ ነው።

ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር የሚያህለውን ገደል በተገመደ ጠፍር እየተንጠላጠለ ሲወጣ፣ ሌላ ጠፍር በወገቡ ይታሰርለትና መነኩሴው ከላይ ሆኖ እየሳበ ይረዳዋል። ይህ የአበው ሥርዓት ከሕገ ተፈጥሮ ጋር የተስማማ ነው፤ የወገቡ ጠፍር ሳይላላ እስከተሳበ ድረስ የወጪው እጅ ቢከዳው እንኳ በነፃ የሚወርድበት ርቀት እጅግ ጥቂት ነውና። የሕንጻ ሠራተኛ ገመድ ግን ወዲያና ወዲህ እንዲያንቀሳቅሰው ሲባል የላላ ስለሆነ፣ ሲወድቅ ድንገት ይወጠራል፤ ያን ጊዜ ገመዱ የታሰረው በወገብ ቀበቶ ላይ ከሆነ፣ ኃይሉ ሁሉ በሆድ ዕቃና በአከርካሪ ላይ ያርፋል። አሜሪካውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 መባቻ ጀምሮ የወገብ ቀበቶን ለመውደቅ መግቻ መጠቀምን የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው። በቦታው የተተካው ሃርነስ ከትከሻ፣ ከደረትና ከጭን ጋር ስለሚታሰር ኃይሉን ለጠንካሮቹ የአካል ክፍሎች ያካፍላል፤ በገመዱ ላይ የሚገጠመው ታጥፎ የተሰፋ ጥብጣብም ስፌቱ እየተተረተረ ማቆሚያውን ያረዝማል። አንድ ጊዜ የተተረተረው ጥብጣብ ግን አገልግሎቱን ፈጽሟል፤ ዳግመኛ ሊታመኑበት አይገባም።

ብዙዎች የሚዘነጉትና እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ከእግር በታች ያለው ባዶ ቦታ ነው። አንድ ሠራተኛ የ2 ሜትር ገመዱን ከእግሩ ሥር ካለ ብረት ጋር ቢያስር፣ ጥብጣቡም ሲተረተር እስከ 1.75 ሜትር ቢረዝም፣ የእርሱ እግር ደግሞ ገመዱ ከተያያዘበት ጀርባው 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ውድቀቱ ሲገታ እግሩ ከብረቱ 5.25 ሜትር በታች ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ባለ ወለል ላይ የሚሠራ ሰው፣ ሃርነሱን በሚገባ ለብሶ፣ ገመዱንም አጥብቆ አስሮ፣ መሬት ሊመታው ይችላል። ከራሱ በላይ ቢያስረው ኖሮ በነፃ የሚወርድበት ርቀት እጅግ ባጠረ ነበር።

የጎልደን ጌት መረብም ልኩ ነበረው። የካቲት 1937 ላይ 12 ሰዎች የነበሩበት መወጣጫ ከድልድዩ ተላቆ በመረቡ ላይ ወደቀና ቀዶት አለፈ፤ ከ12ቱ 10ሩ አለቁ። መረቡ የወደቀን ሰው ይቀበል ነበር እንጂ የዚያን መወጣጫ ክብደት ሊሸከም አልቻለም። ስለዚህ የሕንጻ ጠቢባን መውደቅን የሚያስቀር መከታን የወደቀን ሰው ከሚይዝ ገመድ ያስቀድማሉ። ሕገ ኦሪትም በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ያዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙን ዕዳ የሚጥለውም በባለቤቱ ላይ ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስተማርን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። በአዲስ አበባ ግን በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ መከታና ያለ ገመድ የሚሠሩ ወጣቶች ዛሬም ይታያሉ፤ ይህን እያዩ ማለፍን መልመዳችን ያሳዝነኛል።

ገመዱ ከያዘው በኋላም አደጋው አያበቃም። በሃርነስ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ሰው ደሙ በእግሮቹ ይጠራቀማል፤ ወደ ልቡና ወደ አንጎሉ የሚመለሰው ስለሚያንስም በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ከዚያም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማን በምን መሰላል፣ በየትኛው በኩል እንደሚያወርደው ሠራተኞቹ ወደ መወጣጫው ከመውጣታቸው በፊት፣ ገና በማለዳ፣ በስም ተለይቶ ሊወሰን ይገባል።