ድመትን ይዞ መንገድ ስለ መሄድ

ድመት በሰው ቤት ከሚኖሩት እንስሶች አንዷ ናት። በግምጃ ቤት ገበሬው ገብሱንና ጤፉን በጎተራ ባኖረ ጊዜ፥ ሌሊት አይጥ እንዳይፈጅበት የምትጠብቅለት እርሷ ናት። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ድመቲቱን በባዶ ቤት ጥሎ መሄድ ውለታን መርሳት ነው። ይዞ ለመሄድ ግን ዕውቀት ያስፈልጋል።

ውሻ ጌታውን ተከትሎ በሄደበት ይሄዳል። ድመት ግን የለመደችውን ቤት ትወዳለች፤ ከዚያ በወጣች ጊዜ ትፈራለች። የፈራችም ድመት ትቧጭራለች፥ ትነክሳለች፥ ትሸሻለች። ስለዚህ መሰናዳት የሚገባው በመንገዱ ዕለት ሳይሆን ብዙ ቀን አስቀድሞ ነው።

አንዳንድ ሰው ድመትን በጆንያ ከትቶ አፉን ያስራል። ይህ ጭካኔ ነው። በጆንያ ውስጥ አየር ያጥራታል፤ ላብም የሚወጣት ከመዳፏ ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቱ ፈጥኖ ይጎዳታል። የሚሻለው ክዳን ያለው ቅርጫት ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ቀርከሃ ብዙ ነውና፥ ከእርሱ የተሠራ ቅርጫት ጠንካራ ነው፥ አየርም ያስገባል። ቅርጫቱን ከሳምንት በፊት በቤት ውስጥ ከፍቶ ማኖር፥ የምትተኛበትን ጨርቅ ማንጠፍ፥ ምግቧንም በዚያ መስጠት ይገባል። እንዲህ ሲሆን ቅርጫቱ ወኅኒ መሆኑ ቀርቶ ቤት ይሆንላታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፥ በንክሻዋም ወደ ሰው ይተላለፋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እብድ ውሻ ለነከሰው ለአንድ የ9 ዓመት ልጅ ክትባት ሰጠው፥ ልጁም በሕይወት ኖረ። ድመት 3 ወር ከሞላት በኋላ በእንስሳት ሐኪም ዘንድ ትከተባለች። ክትባቱ እስኪጸና ጊዜ ይፈልጋልና፥ ከጉዞው 1 ወር አስቀድሞ ይሁን። ድመት የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ፈጥኖም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በጉዞው ቀን እንዳታስመልስ ከመነሣቷ 4 ሰዓት በፊት መብል አይሰጣት፤ ውሃ ግን አይከልከላት። የደጋው ማለዳ ይበርዳልና ቅርጫቱ በስስ ጨርቅ ይሸፈን። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ግን አይጫን።

አውቶቡሱ በዳንግላ ሲቆም ልጁ የድመቲቱን ጩኸት ሰምቶ ያዝናል፥ ክዳኑንም ሊከፍትላት ይወዳል። ቢከፍት ግን ደንግጣ ትዘላለች፥ በማታውቀውም አገር ትጠፋለች። ዕውቀት የሌለው ርኅራኄ የሚወዱትን ያሳጣል።

ከአዲሱ ቤት በደረሱ ጊዜ ድመቲቱ 2 ወይም 3 ሳምንት በቤት ውስጥ ትቆይ። ቀድማ ብትለቀቅ የቀድሞ ቤቷን ፍለጋ ትሄዳለች። ሽታውን ከለመደች በኋላ ግን በደጅ ብትወጣ ትመለሳለች፤ አይጥም ማደኗን ትጀምራለች።

መናገር የማይችለውን እንስሳ የሚያስብ ልጅ፥ ነገ ሰውንም ማሰብ ይችላል።