ከሕመም ፈቃድ ወደ ሥራ ገበታ

የአገራችን የሠራተኛ ሕግ የታመመን ሰው አሸኛኘት በዝርዝር ጽፏል፤ አመላለሱን ግን ብዙም አላሰበበትም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም የተያዘ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ክፍያው እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ተለክቶም ካሳ ይሰላል። ይኸው አዋጅ ግን በጤና ምክንያት ግዴታውን መወጣት ያቃተውን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። ከማሰናበት በፊት ቀለል ያለ ሥራ፣ አጠር ያለ ሰዓት ወይም ሌላ ክፍል መሞከር በአሠሪው በጎ ፈቃድ የቀረ ይመስላል።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራ ቦታው ለሠራተኛው እንዲመች ማድረግን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ጎልቶ የሚሠራው ቅጥር ላይ ነው፤ ተቀጥሮ ሳለ ዓይኑን ወይም እጁን ያጣው ሰው ይህ ሕግ እንደሚመለከተው ራሱም የሰው ኃይል ክፍሉም ልብ አይሉትም።

ሌሎች አገሮች ግን መመለሻውንም አስበውበታል። ኔዘርላንድስ ሠራተኛውን የመመለሱን ሸክም አሠሪው ትከሻ ላይ አድርጋለች። አሠሪው ለታመመው ሠራተኛ ቢያንስ 70 በመቶ ደመወዝ ለ104 ሳምንታት ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ በ6ኛው ሳምንት የሐኪም ትንተና፣ በ8ኛው ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት የመመለሻ ዕቅድ እንዲኖር ያዛል። አሠሪው ቸል ካለ ለሦስተኛ ዓመትም ደመወዝ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። ለትንሽ ሱቅ ከባድ ነው፤ ሰውን ቶሎ የሚያነጋግር ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ ነው። ጀርመን ውስጥ በዓመት ከ6 ሳምንት በላይ ለታመመ ሠራተኛ ውይይት ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ ሰዓቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ መመለስም የተለመደ ነው።

ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ደግሞ በአሜሪካ ሮበርት ድሬክና ዲቦራ ቤከር ያዳበሩት ዘዴ አለ፤ አስቀድሞ ለዓመታት ከማሠልጠን ይልቅ መደበኛ ሥራ ውስጥ አስገብቶ እዚያው መደገፍ። በተደጋጋሚ ጥናት ከቀድሞው አካሄድ የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

የእኛ ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። የሠራተኛ ማኅበራት በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ አንድ አንቀጽ ያስገቡ፦ ግማሽ ክፍያው ሳይጀምር አሠሪው ሠራተኛውን ጠርቶ ስለ መመለሻው ያነጋግር።