ላሟ በችካል፣ ውሻው ልቅ

ሁምቦ ላይ ገመድ የሚገባው ለላም ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው መንገድ ጠበላን አልፎ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ የሚሄድ ሰው፣ በየቤቱ ደጅ ከእንሰቱ ፊት ባለችው መስክ ላይ ችካል ተተክሎ፣ ላሟ ገመዷ እስከፈቀደላት ድረስ እየዞረች ስትግጥ ያያል። ወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ከብት እንደ ልቡ ቢለቀቅ የሚገባው የጎረቤት በቆሎ ውስጥ ነው። ውሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልቅ ነው። ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ጥላ ሥር ይተኛል፣ ባለቤቱ ገበያ ሲወጣም ሳይጠራ ይከተላል።

ውሻ አስከትሎ ከብት በሚግጥበት ማለፍ ላይ ላዩን ሲታይ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር አይመስልም። የገጠር ሰው ከሁለቱም ጋር አብሮ ነው ያደገው። ቢሆንም የግጦሹ መሬት እንደ ድሮው አይደለም፣ የሚመጣው ውሻም እንደ ድሮው አይደለም።

ከመሬቱ እንነሳ። የሁምቦ ተራራ ደኑ ተመንጥሮ፣ ጉቶው ብቻ አፈር ውስጥ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር ከግጦሽና ከእንጨት ለቀማ እንዲከለል አደረገ። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል ሳይሆን ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ መርጦ፣ ገርዞ፣ ማሳደግ ነበር። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደኑን ተረከቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻም ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፉ የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም ከደኑ የሚገኘውን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። ተራራው ለመለመ። ሣሩም ተመልሶ አደገ፤ ገበሬው እያጨደ ተሸክሞ ለከብቱ ይወስዳል እንጂ ከብቱን ወደ ሣሩ አይነዳም። ስለዚህ ከብቱ የሚገኘው በደጅ፣ በመንገድ ዳርና በጠባብ የወል መስክ ላይ ነው፤ ሰውና ውሻ የሚያልፉትም በዚያው ነው።

ውሻውን በተመለከተ፣ የሐበሻ ውሻ ምስጋናው ተዘንግቶበታል። በስድብ ካልሆነ ስሙን የሚያነሣው የለም፣ የሚመግበውም ጥቂት ነው። ነገር ግን ዓይኑን የሚገልጠው ጥጃ በሚያገሣበት ግቢ ውስጥ ነው። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ የለመደውን ነገር ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይፈራውም፣ አያሳድደውምም። ስለዚህ የመንደሩ ውሻ በላሞች መሐል ሲያልፍ ዞር ብሎም አያይም። ችግሩ ያለው ከሶዶና ከሀዋሳ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ፣ በመኪና ተጭኖ ለበዓል ቤተሰብ ጥየቃ የሚመጣው ጀርመን ሼፐርድ ላይ ነው። በግንብ አጥር ውስጥ ያደገ፣ ላም አይቶ የማያውቅ፣ ጉልበቱ ግን የአራት የሐበሻ ውሻ ነው። ባለቤቱ «አይናከስም» ይላል። ሰው አይናከስ ይሆናል፤ በግ ሲሮጥ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ግን ባለቤቱም ውሻውም አያውቁትም።

ላሟስ ምን ታያለች? ጥጃ ያላት ላም በውሻ ውስጥ ጅብ ታያለች። አረማመዱ፣ የጭንቅላቱ አያያዝ፣ ትኩር ብሎ ማየቱ፣ ሁሉም የአዳኝ ነው። ማመንዠኳን ታቆማለች፣ ጆሮዋን ወደፊት ትቀስራለች፣ ራሷን ቀና ታደርጋለች። ቀጥሎ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በፊት እግሯ መሬት ከቧጠጠች ነገሩ አልቋል፤ ትመጣለች። ልቅ የሆነች ላም ቢያንስ ሁለት ምርጫ አላት፦ መሸሽ ወይም መግጠም። የታሰረችው የላትም። ውሻ ሲጮህባት ገመዱ እስኪያንቃት ትሮጣለች፣ ትዞራለች፣ ገመዱ እግሯ ላይ ይጠመጠማል። ችካሉ ከተነቀለ ደግሞ ገመድና እንጨት እየጎተተች አስፋልት ላይ ትወጣለች። ውሻው ሳይነክሳት እግሯ ሊሰበር ይችላል። ያረገዘች በግ ደግሞ ጥርስ ሳይነካት፣ በመባረር ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች። ሌላ አገር የሚጻፉ ምክሮች በአጥር ውስጥ ልቅ ስለሚግጥ ከብት ስለሚያወሩ ይህን የችካል ነገር አያነሡትም፤ ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው።

ከግጦሽ እንስሳ ጋር ተስማምቶ መራመድን በተመለከተ በአገራችን የተመዘገበው ምርጥ ምሳሌ የሚገኘው መንዝ ነው። ጓሳ ላይ፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ሣሩን እየከለለ በሚጠብቀው ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሲያልፍ ጭላዳዎቹ አይሸሹም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምክንያቱን ያሳያል። ቀበሮው መንጋው ውስጥ ሲገባ ርምጃውን ይቀንሳል፣ አይሮጥም፣ ግልገል ጭላዳ አፍንጫው ሥር ቢሆን እንኳ ብዙውን ጊዜ አይነካም። ዋጋውንም ያገኛል፤ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሳካለት፣ ጭላዳዎች መሐል ሆኖ ሲያድን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል። ውሻ ሲመጣ ግን ያው ጭላዳ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣል። ግጦሽ ላይ ያለ እንስሳ ዘር አይጠይቅም፣ አረማመድ ነው የሚያየው። ቀበሮው ራሱን ይገዛል፤ ውሻ ግን የሚገዛው ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ከብት ከመታየቱ በፊት ውሻውን ማሰር ነው፤ ካየ በኋላማ መያዙ ራሱ ትግል ነው። ገመዱ አጭር ይሁን፣ ሁለት ሜትር ይበዛል። እጅ ላይ ግን አይጠምጠም። ላሟ ከመጣች ገመዱን መልቀቅ ነው፤ የምትፈልገው ውሻውን ነው፣ ውሻው ደግሞ ከላም ይበልጥ ይሮጣል። አልለቅም ብሎ ውሻውን ያቀፈ ሰው ቀንዱን ራሱ ላይ ጠራ ማለት ነው። በላምና በጥጃዋ መሐል ማለፍ የለም፤ መንገዱ በመሐላቸው ቢሆንም ዞሮ መሄድ ነው። የታሰረች ላም ካለች ከገመዷ ርዝመት በብዙ እጥፍ መራቅ። መሮጥ አያስፈልግም፣ መጮህም እንደዚያው። አህያ ካለ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ፤ አህያ ለውሻ ፍቅር የለውም፣ በእርግጫም በጥርስም ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ግን እረኛው አለ። ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፣ ከብቱ ቢበረግግ ማታ ቤት ሲገባ የሚጠየቀውም እሱ ነው። «ማሙሽ፣ ውሻ ይዤ ልለፍ?» ማለት ምንም አያስከፍልም። ልጁ የትኛዋ ላም አዲስ እንደወለደች፣ የትኛው ወይፈን እንደሚዋጋ ያውቃል፤ «በዚያ በኩል ዙር» ካለ መዞር ነው። የመንደሩ ውሾች ተሰብስበው ወደ እንግዳው ውሻ ቢመጡ ደግሞ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ቋንቋ የማይረዳ የኢትዮጵያ ውሻ የለም።

ካለፉ በኋላ የሚቀረውስ? ውሻ መስክ ላይ የሚጥለው ኩስ ከጩኸቱ ይበልጥ ከብት ይጎዳል። አንጀቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ የኮሶ ትል ዘመድ ይኖራል። እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ ላምና በግ ይግጡታል፣ ጉበታቸውና ሳንባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ቄራ ውስጥ ሳንባና ጉበት እየተመረመረ የሚጣልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። የተጣለውን ሳንባ ውሻ ይበላዋል፣ ዙሩም እንደገና ይጀምራል። ሰውም ውስጥ ያው ከረጢት ያድጋል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ጥሬ ሥጋ የሚወደው የወላይታ አንባቢ ይደነግጥ ይሆናል። አይደንግጥ። ይህኛው ከቁርጥ አይመጣም፤ ውሻውን ዳብሶ ካልታጠበ እጅ፣ ወይም ኩስ ነክቶት ሳይታጠብ ከተበላ አትክልት ነው የሚመጣው። ከቁርጥ የሚመጣው ሌላው፣ የምናውቀው ረጅሙ ኮሶ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ተጠያቂው ውሻ ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው ነው።

የበግ አዙሪትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ትሉ በበጓ አንጎል ላይ ከረጢት ሠርቶ፣ በጓ ራሷን ወደ አንድ ጎን ጥላ በአንድ ቦታ ስትዞር ትውላለች። ውሻው ትሉን ያገኘው ከተጣለ የበግ ጭንቅላት ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ከዓመቱ ሁሉ የሚከፋው ጊዜ በዓል ነው። በወላይታ በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ በየሰፈሩ ሰንጋ ይታረዳል፣ ቅርጫ ይከፋፈላል፤ ያን ሰሞን የማይጠግብ ውሻ የለም። ሳንባውና ጉበቱ ከረጢት ካለበት መቅበር፣ ወይም ለውሻው ከመስጠት በፊት በደንብ መቀቀል የትሉን ዙር ይቆርጠዋል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒትም አለ። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ እንቁላል ለመጣል ስድስት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ሥጋ የሚያገኝ ውሻ መድኃኒቱ በየስድስት ሳምንቱ ቢሰጠው መስኩ ንጹሕ ይሆናል። ኩሱን በላስቲክ አፍሶ መውሰድ ለገጠር ሰው ያስቃል፤ በዶማ ጫፍ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ግን ማንንም አያስቅም።

የእብድ ውሻ በሽታ ሌላ ነው፣ እሱ ቀልድ የለውም። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ አጋጣሚ 99 በመቶው ከውሻ የመጣ ነው። ከብትም ይያዛል፤ የተያዘች ላም ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል። ባለቤቱ ጉሮሮዋ ላይ አጥንት ወይም ስኳር ድንች የተሰነቀረ መስሎት እጁን እስከ ክርኑ ይከታል። በዚያች ደቂቃ በሽታው እጁ ላይ ባለች ጭረት ሊገባ ይችላል። ለሃጯ የሚዝረበረብ ላም አፍ ውስጥ እጅ አይገባም፣ ወተቷ አይጠጣም፣ ሥጋዋም አይበላም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ለውሻው በየዓመቱ የሚሰጠው ክትባት ደግሞ ነገሩን ከምንጩ ያደርቀዋል።

ልቅ ውሻ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል ባሌ ታይቷል። ወደ ተራራው ከብት ይዞ የሚወጣ እረኛ ውሻውንም ይወስዳል። ውሻው መንጋ አይነዳም፣ ጅብ ሲመጣ ይጮሃል፣ ምግቡን ግን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። በዚህ መሐል ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ዌብ ሸለቆ ገብቶ ከአካባቢው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ አምስት መቶ ገደማ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል? በብሪታንያ ከብት የሚያስጨንቅ ውሻ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ሕግ ይጠየቃል፤ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ቅጣቱን እስከ 40 ሺህ ፓውንድ አድርሳዋለች። እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም። «አላየሁትም፣ አምልጦኝ ነው» የሚለው መልስ እንግዲህ እዚያው ወድቋል። ተግባር ላይ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ዘንድ ይቀርባል፣ ግምቱ ይነገራል፣ ካሳው ይከፈላል። ያው ሕግ ግን አንዲት ማምለጫ ትቷል፦ ባለቤቱ የራሱ ጥፋት ከሌለበት፣ ጉዳት ያደረሰውን የቤት እንስሳ ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። ፍየሉን የበላበትን ውሻ በፍየሉ ፈንታ የሚረከብ ገበሬ ሁምቦ ውስጥ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።